በመነጽር የሚታይ እሳት፤ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

የነጋዴ ሀብት የሚከማቸው በብዙ ዓመት ድካም ነው፤ እሳት ግን ባንድ ሌሊት አመድ ያደርገዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። የሱቆቹ መጠጋጋትና የመንገዱ መጥበብ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ አክብዶት ነበር። በዋናው ከተማ እንዲህ ከሆነ፥ ከአምቦ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጉደር የሚነግድ ሰው፥ እርዳታ እስኪደርስ ድረስ ሠራተኛውንና ዕቃውን የሚያድነው አስቀድሞ የተማረው ትምህርት መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል።

ለዚሁ ትምህርት በውጭ አገር ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባል መሣሪያ በሥራ ላይ ውሏል። መሠረቱ የቆየ ነው፤ ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በራስ ላይ የሚደረገውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1968 አቅርቧል። ሠልጣኙ መነጽሩን ባደረገ ጊዜ መጋዘን፥ ጢስና ነበልባል በዙሪያው ይታየዋል፤ ራሱን ሲያዞር ሥዕሉም አብሮ ይዞራል። ቢሳሳት የሚቃጠል ነገር የለም፤ ስሕተቱን አውቆ እንደ ገና ይጀምራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በሲሙሌተር የሚያሠለጥነውም፥ አደጋን ሳይደርስ ለማለማመድ ነው።

ይሁን እንጂ መነጽሩ ግለትን አያሰማም፤ ጢሱም ትንፋሽ አያፍንም። ዋጋውም ለአንድ ባለሱቅ ይከብዳልና፥ ነጋዴዎች ተባብረው ቢገዙት ይሻላል። እስከዚያው ድረስ መነጽሩ የሚያስተምረውን ያለ መነጽር መለማመድ ይቻላል።

1ኛ፤ እሳቱን ያየ ሰው ጮኾ ሁሉን ያስጠንቅቅ፤ የማያሰጋ ከሆነ የኤሌክትሪኩን ኃይል ያቋርጥ።

2ኛ፤ በዘይት፥ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ አይፍሰስ።

3ኛ፤ ማጥፊያውን የያዘ ሰው መውጫውን ከኋላው አድርጎ ይቁም፤ ቀለበቱን ስቦ፥ አፉን ከነበልባሉ ጫፍ ሳይሆን ከእሳቱ ሥር አነጣጥሮ፥ እጀታውን ተጭኖ ግራና ቀኝ ያዙረው።

4ኛ፤ የትንሹ ማጥፊያ ዱቄት በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ያልቃል፤ እሳቱ ካልበረደ በሩን ዘግቶ መውጣት ብልኅነት እንጂ ፍርሃት አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው ለሠራተኞቹ እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ስለዚህ ልምምዱ የበጎ ፈቃድ ነገር ብቻ አይደለም። በመውጫው በር ላይ ጆንያ የተከመረበት መጋዘን ያለው ነጋዴ ግን፥ መነጽሩንም ማጥፊያውንም ከመግዛቱ አስቀድሞ ያንን ጆንያ ዛሬውኑ ያንሣ።