ታካሚው በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ እንዳይበርደው
ለኦፕራሲዮን ክፍል ባልደረቦችና ለአስታማሚዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ቢበርደውም «በረደኝ» አይልም። መድኃኒቱ የደም ስሮቹን ስለሚያሰፋ የውስጥ ሙቀቱ ወደ እጅና እግሩ ይሸሻል፤ ክፉው የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የውስጥ ሙቀቱ ከ36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ደሙ በወጉ አይረጋም፣ ቁስሉ ለማመርቀዝ ይጋለጣል፣ ከሰመመኑም ቶሎ አይነቃም። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋ ከተሞች በክረምት ማለዳ ከመጋዘን የወጣን ግሉኮስ በእጃችሁ ያዝ አድርጉትና ፍረዱ።

• ደምን፣ እንዲሁም 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሚሆን ፈሳሽን በማሞቂያ መሣሪያ 37 ዲግሪ አድርሳችሁ ስጡ። በክፍሉ ሙቀት የቆየ 1 ሊትር ፈሳሽ ወይም ከማቀዝቀዣ የወጣ 1 ዩኒት ደም የአንድን አዋቂ የሰውነት ሙቀት በሩብ ዲግሪ ገደማ ያወርዳል። ሩብ ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ደም እየፈሰሳት ላለች ወላድ 4 ዩኒት ሲከታተል ግን 1 ዲግሪ ሞላ ማለት ነው፤ ያውም ደሟ እንዲረጋ አብዝተን በምንመኝበት ሰዓት።

• ደምን በማይክሮዌቭም ሆነ በፈላ ውኃ በፍጹም አታሙቁ። ከመጠን በላይ የሞቀ ደም ቀይ ሴሎቹ ይፈርሳሉ።

• ሙቅ ውኃ የተሞላ ጓንት ወይም ጠርሙስ ከደነዘዘ ገላ ጋር አታስጠጉ። ሕመም ስለማይሰማው ቆዳው ሲቃጠል ዝም ይላል።

• ፈሳሹን አሞቅን ብላችሁ አትዘናጉ። የሞቀ ፈሳሽ ተጨማሪ ቅዝቃዜ እንዳይገባ ይከላከላል እንጂ የበረደውን ሰው መልሶ አያሞቅም። በዝግታ የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ቱቦው ውስጥ እያለ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከሚቀደደው ቦታ በቀር ሰውነቱን ሸፍኑ፤ ታካሚው እስኪሸፈን የክፍሉ ሙቀት ከ21 ዲግሪ አይውረድ።

• ከወገብ በታች ብቻ የደነዘዘችን እናት አትርሷት። ነቅታ እያወራች፣ እንዲያውም «ሞቆኛል» እያለች የውስጥ ሙቀቷ ሊወርድ ይችላል። ቴርሞሜትሩን እመኑ።

• አስታማሚዎች፦ ተራ ሲጠበቅ ታካሚው በስስ ጋውን ብቻ ኮሪደር ላይ አይቀመጥ። ጋቢና ካልሲ ይዛችሁ ኑ፤ ሞቆ የገባ ሰው ቶሎ አይበርደውም። ከኦፕራሲዮን ወጥቶ ቢንቀጠቀጥ «የማደንዘዣው ነው» ብላችሁ አትለፉት። ነርሷን ጥሩና «ሙቀቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።