በረመዳን ሌሊቶች ለወንድም ስለ መለመን

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ ላይ ይኹን። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሞች ሆይ! የጾም ሕግ በአል-በቀራህ ምዕራፍ ከ183ኛው እስከ 187ኛው አንቀጽ ይገኛል። በመካከሉ፣ በ186ኛው፣ ጾም ሳይነሣ ጌታችን ለለማኙ ቅርብ መኾኑ ተገልጿል። ሊቃውንትም ጾምና ልመና የማይለያዩ መኾናቸውን ከዚህ ተረዱ።

እንግዲህ በየሌሊቱ አንድ ልመና ብትይዝ መልካም ነው። ለሠላሳው ቀን እየተከፋፈለ የሚነበበው ዱዓ ግን ከነቢዩ በጸና ሰነድ አልተላለፈም፤ ዐረብኛ የማያውቅ በገዛ ቋንቋው የልቡን ይለምን። ከነቢዩ የተገኘውንም አትደብቅ፤ ዓኢሻ የለይለተል ቀድርን ዱዓ ጠይቃ ባታስተላልፍልን ከወዴት እናገኘው ነበር?

ለራስህ ብቻም አትለምን። ሰው ለወንድሙ በሌለበት ሲለምን መልአክ አሚን ብሎ ለለማኙም ያንኑ እንደሚመኝለት ሙስሊም ከአቡ ደርዳእ ዘግበዋል። አንዱን ሌሊት ለጎረቤትህ፣ አንዱን ለሞቱት ወላጆችህ አድርግ።

የተኳረፍኸው ዘመድ ያለህ እንደ ኾነስ? ስሙን ስትጠራ ምላስህ ይከብድብህ ይኾናል። ዛሬ ስሙን ብቻ ጥራ፤ ነገ ጤና ለምንለት፤ ከነገ ወዲያ ልጆቹን ጨምር። ለመንሁልህ ብለህ ግን አትመጻደቅበት። ከሦስት ሌሊት በላይ መኳረፍ የተከለከለ ነውና የዒዱን ጨረቃ ሳትጠብቅ ሔደህ በሩን አንኳኳ።