ጠጅ ሣርን ከፍሎ ማዛወር

እኛ የአትክልት ክበብ አባላት አምና ለተመራቂዎች ቃል ገብተን ነበር፤ እያንዳንዱ ወደሚመደብበት ትምህርት ቤት የጠጅ ሣር ችግኝ ይዞ እንዲሄድ። አርባ ክፋይ ተከልን፤ የጸደቀው ዘጠኝ ብቻ ነው። ተመራቂዎቹም ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ጥፋቱ የእኛው ስለሆነ፣ የተማርነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ጠጅ ሣር አበባ የሚያወጣው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ የሚራባው በዘር ሳይሆን እናቱን ተክል በመክፈል ነው። ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳትን? የከፈልነው በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲወጣ ነው። ቅጠሉንም «ለምለሙን መቁረጥ ያሳዝናል» ብለን እንዳለ ተውነው። ተክል ሲነቀል ውሃ የሚመጡት ቀጫጭን ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ቅጠሉ ግን ውሃ ማትነኑን አያቆምም። ገቢው ቀንሶ ወጪው ካልቀነሰ መድረቅ ነው እንጂ ሌላ ምን ይመጣል!

ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው፦

ሀ) ጊዜው፦ ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ፣ መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ። ቀኑ ደመናማ ቢሆን ይመረጣል።

ለ) ቅጠሉን ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል አስቀርቶ መቁረጥ።

ሐ) ዙሪያውን ቆፍሮ ከነአፈሩ ማንሳት። መሐሉ ያረጀና የደረቀ ስለሚሆን ይጣላል፤ ለተከላ የሚፈለገው ዳር ዳሩ ያለው ወጣቱ ነው።

መ) እያንዳንዱ ክፋይ ሁለት ወይም ሦስት ቀንበጥና የራሱ ሥር ሊኖረው ይገባል። እስኪተከል ድረስ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣ።

ሠ) በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት ልክ መትከል። በጣም ከተቀበረ ይበሰብሳል። ከዚያም አፈሩን ጠቅጠቅ አድርጎ ውሃ ማጠጣት።

ይህን ከእንሰት ጋር ማነጻጸር ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል። የጉራጌና የሲዳማ ገበሬዎች እንሰት ሲያራቡ የመሐሉን ቡቃያ አውጥተው አሚቾውን ይቀብሩታል። የመሐሉ ቡቃያ የጎኖቹን እንዳያድጉ ይዟቸው ስለነበር፣ እሱ ሲወገድ ብዙ ችግኝ ባንድ ጊዜ ይፈላል። ጠጅ ሣር ግን ይህ አያስፈልገውም፤ ራሱ ከጎን ከጎን እያወጣ ይሰፋል።

መምህር የሚሆን ሰው ይህን በሰሌዳ ላይ ብቻ ቢያስተምር ምን ዋጋ አለው? ተማሪ የሚያምነው የጸደቀውን ሲያይ ነው። ዘጠኙ አሁን እጅብ ብለዋል። በመጪው ሰኔ ስንከፍላቸው ሠልጣኞችም መምህራንም መጥታችሁ አብራችሁን ቆፍሩ። ቃላችንን የምንሞላው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ቅጠሉን ቆርጠን ሥሩን ግን ብዙ ባንነካው የሚሻለው ለምንድን ነው? መልሳችሁን ጽፋችሁ ከዚሁ ሰሌዳ ሥር ለጥፉ።