ከመድረክ ግጥም ወደ አደባባይ ጥያቄ፦ የተማሪዎች ግጥምና የአዲስ አበባ ድኾች ጉዳይ (1953–1958 ዓ.ም.)

ሥነ ጽሑፍ በማኅበራዊ ፍትሕ ንቅናቄ ውስጥ ያለው ሚና ብዙውን ጊዜ «ቅስቀሳ» በሚለው ቃል ይጠቃለላል። ግጥም ስሜትን ያነሣሣል፤ የተነሣሣውም ሰው ወደ አደባባይ ይወጣል ይባላል። ይህ አረዳድ ግን በግጥሙና በሰልፉ መካከል ያለውን ረጅም መንገድ ይዘላል። ይህ አጭር ጽሑፍ በአዲስ አበባ የተከናወኑ ሁለት ድርጊቶችን በማያያዝ፣ የግጥሙ ዋነኛ አስተዋጽኦ ሰውን ከማስቆጣት ይልቅ ስለ ድህነት የሚጠየቀውን ጥያቄ መለወጥ እንደሆነ ይከራከራል።

የመጀመሪያው ድርጊት የ«ኮሌጅ ቀን» የግጥም ውድድር ነው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በየዓመቱ ይከበር በነበረው በዚህ በዓል ተማሪዎች ግጥማቸውን በታዳሚ ፊት ያነቡ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንጉሠ ነገሥቱም ይገኙ ነበር። በ1953 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በከሸፈበት ዓመት፣ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥም አቀረበ።

የርእሱ ግስ ልብ ሊባል ይገባዋል። በምጽዋት ልማድ ድኻ ይለምናል፣ ይመርቃል፤ ሰጪውም ጽድቅን ያገኛል። በዚህ ግንኙነት ውስጥ ድህነት የሰጪው በጎነት መገለጫ እንጂ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ጉዳይ አይደለም። «ይናገራል» የሚለው ግስ ግን ድኻውን ከለማኝነት ወደ ተከራካሪነት ያሻግረዋል። የሚናገር ሰው መልስ ይጠብቃልና፣ ሰሚው ከቸርነት ወንበሩ ወርዶ በተጠያቂነት ወንበር ይቀመጣል።

ሁለተኛው ድርጊት በ1958 ዓ.ም. የተደረገው የተማሪዎች ሰልፍ ነው። ከከተማዋ ጎዳናዎች የታፈሱ ለማኞችና ችግረኞች ሾላ በተባለው ስፍራ በከፋ ሁኔታ ተይዘው መገኘታቸው ሰልፉን ቀሰቀሰ። ተማሪዎቹ ያነሡት ጥያቄ «ድህነት ወንጀል ነውን?» የሚል ነበር። ምጽዋት አልጠየቁም፤ የጠየቁት የሕግንና የመንግሥትን ኃላፊነት ነው።

ሰልፉ የግጥሙ ቀጥተኛ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። በመካከሉ አምስት ዓመታት አልፈዋል፤ በየካቲት 1957 ዓ.ም. የተካሄደው የ«መሬት ላራሹ» ሰልፍም ለተማሪው ንቅናቄ አዲስ አቅጣጫ ሰጥቶታል። ሆኖም ሁለቱን ድርጊቶች የሚያገናኝ የአነጋገር ለውጥ ይታያል፤ ድኻው የርኅራኄ ተቀባይ መሆኑ ቀርቶ የመብት ባለቤት ሆኖ ይቀርባል። የኅትመት ሥራ በቅድመ ምርመራ ሥር በነበረበት ዘመን፣ ይህን ለውጥ በታዳሚ ፊት ለማሰማት መድረክ ከመጽሐፍ የተሻለ ዕድል ሰጥቷል።

ይሁንና አንድ መሠረታዊ ክፍተት አለ። በግጥሙ «የተናገረው» ድኻ በተማሪ አንደበት የተናገረ ነው፤ በሾላም ጥያቄውን ያነሡት ታሳሪዎቹ ሳይሆኑ ተማሪዎቹ ናቸው። ውክልናው ዝምታን የመስበሩን ያህል የተወካዩን ቃል ሊተካም ይችላል። ስለዚህ የንቅናቄውን ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ተመራማሪ ከተማሪዎቹ ግጥም አልፎ፣ ድኾች ራሳቸው ያንጎራጎሩትን ዘፈን፣ የለመኑበትን ቃልና በማመልከቻ ጸሐፊዎች እጅ ያስጻፉትን አቤቱታ መመርመር ይኖርበታል። ድኻው በራሱ ቃል ምን እንዳለ ሊታወቅ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።