ኮምፒዩተርና የወባ ክትባት

ክትባት ሲባል ብዙዎቻችን መርፌው ነው የሚታየን እንጂ ከመርፌው በፊት ያለው ሥራ አይታየንም። ዛሬ ያ ሥራ በከፊል በኮምፒዩተር ይሠራል።

ለመሆኑ የወባ ክትባት ለምን ዘገየ? የኩፍኝ ቫይረስ 6 ጂኖች ብቻ አሉት። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ግን 5 ሺህ 300 ያህል ጂኖች እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ2002 ታወቀ። እያንዳንዱን በላቦራቶሪ እንሞክር ቢባል ዕድሜ አይበቃም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ፣ እናቶቻችን በቆሎውን በሰፌድ እንደሚያበጥሩት፣ ጂኖቹን ያበጥራል። ፕሮቲኑ በተውሳኩ ገላ ላይ ይወጣል ወይስ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል? የተደበቀውን የሰውነታችን መከላከያ አያገኘውም። ደግሞስ ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል ወይ? ከባዱ ጥያቄ ይኸኛው ነው።

አር.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለው ክትባት የተቀዳው ከአንድ የተውሳክ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት፣ በአፍሪካ ሕፃናት ደም የተገኘው ተውሳክ ከክትባቱ ጋር ሲመሳሰል የመጀመሪያው ዓመት መከላከሉ 50 ከመቶ፣ ሳይመሳሰል ግን 33 ከመቶ ያህል ሆነ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም! አር.ኤች.5 የተባለው ፕሮቲን ተስፋ የተጣለበትም ብዙ ስለማይለዋወጥ ነው።

እንግዲህ ከባሮ ዳር፣ ከኢታንግ፣ ከአቦቦ የተወሰደ ተውሳክ ጂኑ ካልተነበበ ኮምፒዩተሩ የኛን ወባ ከየት ያውቀዋል? ወፍጮ እንኳ ያላገባበትን አይፈጭም። የተመረጠውም ሁሉ ክትባት አይሆንም፤ በላቦራቶሪ፣ በእንስሳ፣ በመጨረሻም በሰው ይፈተናል፤ አብዛኛው እዚያው ይወድቃል።

ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ወባ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነሣል፤ በላቦራቶሪም እንደ ፋልሲፓረም በቀላሉ አይራባም። ስለዚህ ለእሱ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የጂን ንባብ ይበልጥ ይፈለጋል።