«እስከ» የተባለችው ቃልና የስፓኒሽዋ «አስታ» በንግድ ጽሕፈት

በሐዋሳ መሃል ከተማ በአንድ መደብር በር ላይ «እስከ ቅዳሜ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ቢገኝ፣ አንዱ ደንበኛ ቅዳሜ ይከፈታል ብሎ ሲመጣ ሌላው ከቅዳሜ በኋላ ነው ብሎ ሰኞን ይጠብቃል። የሁለቱም አማርኛ የቀና ነው። በበር ላይ የሚደርሰው ጉዳት የአንድ ቀን ገበያ ነው፤ ይህችው ቃል በውል ወይም በባንክ ሰነድ ውስጥ በገባች ጊዜ ግን የምታስከፍለው ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

«እስከ» ከግዕዝ እንዳለች የተወረሰች ስትሆን ከስምም ከግሥም ጋር ትነገራለች። ከስም ጋር ሆና ስፍራን፣ ጊዜንና ልክን ታመለክታለች። «ከባለቤቱ ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ» በተባለ ጊዜ ደግሞ ማንም ሳይቀር ማለት ነው። በስፓኒሽ ቋንቋ «አስታ» የምትባለው ቃል ይህን ሁሉ ሥራ ትሠራለች፤ የቋንቋ ሊቃውንት ከዐረብኛው «ሐታ» የተገኘች ናት ይላሉ። «አስታ ኤል ቪየርነስ» እስከ ዓርብ፣ «አስታ ሎስ ኒኞስ» ሕፃናቱም ሳይቀሩ ማለት ነው፤ ስንብቱ «አስታ ሉዌጎ» ደግሞ እስክንገናኝ ደኅና ይሁኑ እንደ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ነጋዴ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን በአገራችን የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከሚሠሩት መፈልፈያ መኪናዎች መካከል ፔናጎስ የተባለው ከኮሎምቢያ የመጣ ነው፤ የኮሎምቢያም ቋንቋ ስፓኒሽ ነው። ከዚያ ወገን ካሉ ነጋዴዎች ጋር የሚጻጻፍ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። «አብሬን አስታ ላስ ኑዌቬ» የሚለውን የስፔን ሰው «እስከ 9 ሰዓት ክፍት ነው» ብሎ ሲተረጕመው፣ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ግን «ከ9 ሰዓት በፊት አይከፈትም» ተብሎ ይሰማል። (9 ሰዓት ያሉትም በእነርሱ አቈጣጠር ነው፤ ጥዋት ከሆነ በእኛ 3 ሰዓት ነው።) ስለዚህ «አስታ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ነጋዴ ጸሐፊው የየት አገር ሰው እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመልከት።

ወደ አማርኛው እንመለስና፣ ትልቁ ጣጣ ያለው በቀን ላይ ነው። በኤል.ሲ. ለሚሠራ ላኪ የቃሏ ፍቺ ለልማድ የተተወ አይደለም። መቀመጫው በፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት አውጥቶት ከሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ቍጥር 600 በ3ኛው አንቀጽ ወስኖታል። ይኸውም የመጫኛን ጊዜ ለመወሰን «እስከ» ወይም «ከዚህ ቀን ጀምሮ» የተባለ እንደ ሆነ የተጠቀሰው ቀን ራሱ ይቈጠራል፤ «በፊት» ወይም «በኋላ» የተባለ እንደ ሆነ ግን አይቈጠርም። እንግዲህ «እስከ ወሩ 30» በሚል ኤል.ሲ. በ30 የተጫነ ቡና ደኅና ነው፤ «ከወሩ 30 በፊት» በሚለው ግን በዚያው ቀን የተጫነው ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም ለማለት ምክንያት ይሆነዋል። የሚያስገርመው፣ «ከዚህ ቀን ጀምሮ» የሚለው የክፍያን ቀን ለመወሰን ሲገባ ፍቺው ተገልብጦ የተጠቀሰው ቀን የማይቈጠር መሆኑ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ የኤል.ሲ. ማብቂያ ቀን ባንክ በሚዘጋበት በዓል ላይ የዋለ እንደ ሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተላለፋል፤ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ግን በዚህ ምክንያት አይተላለፍም። የወሩንም ስም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጁን 30 በእኛ ሰኔ 23 ነው፤ ጁንን በደፈናው ሰኔ ብሎ «እስከ ሰኔ 30» የጻፈ ጸሐፊ ለላኪው የሌለ 7 ቀን ጨምሮለታል።

ይሁን እንጂ ይህ ደንብ የሚያስገድደው በደንቡ እንደሚመራ የተጻፈበትን ኤል.ሲ. ብቻ ነው፤ ሁለት ነጋዴዎች በሐዋሳ ተቀምጠው በአማርኛ የሚፈራረሙትን ውል አይነካም። በዚህ ጊዜ «ሰኔ 30 ቀንን ጨምሮ» ወይም «ሰኔ 30 ቀን ሳይቈጠር» ብሎ መጻፍ የሚፈጀው ቀለም ጥቂት ነው።

በስፍራም እንዲሁ ነው። ዋጋው «እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ» ነው ሲባል የማውረጃው ሒሳብ በማን ላይ እንደሚያርፍ ቃሏ አትናገርም። በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጸናው የኢንኮተርምስ ደንብ ሻጩ ዕቃውን አውርዶ እንዲያስረክብ የሚያስገድደው ዲ.ፒ.ዩ. የተባለው ብቻ ነው፤ በዲ.ኤ.ፒ. ግን ማውረዱ የገዢው ነው። በልክም ረገድ «ገዢው እስከ 500 ኩንታል ይገዛል» የሚል ውል የላይኛውን ወሰን እንጂ የታችኛውን አይወስንም፤ 10 ኩንታል ብቻ የወሰደ ገዢ ውሉን አፈረሰ ሊባል ያስቸግራል።

ከዚሁ ዘር የሆነችው «እስከነ» ደግሞ ጠቅልሎ መያዝን ታሳያለች። «እስከነጆንያው 60 ኪሎ» ጆንያውም አብሮ መመዘኑን ያመለክታል። ባዶው ጆንያ አንድ ኪሎ ቢመዝን በ320 ጆንያ 320 ኪሎ ቡና ጐደለ ማለት ነው፤ ይህም በ17 ኪሎው ፈረሱላ ሲቈጠር ወደ 19 ፈረሱላ ገደማ ይደርሳል።

ከግሥ ጋር ስትሆን ግን የግሡ ቅርጽ ውሉን ይገለብጠዋል። «ገዢው የመጋዘን ኪራይ እስኪከፍል ድረስ ሻጩ ዕቃውን ይጠብቃል» ቢባል፣ ኪራዩ በተከፈለ ቀን የሻጩ ግዴታ ያበቃል። «እስከከፈለ ድረስ» ቢባል ግን ገዢው መክፈሉን እስካላቋረጠ ግዴታው ይቀጥላል። በመጀመሪያው ክፍያው ግዴታውን ይጨርሰዋል፤ በሁለተኛው ያቈየዋል። በችኰላ በተጻፈ ውል ላይ «ኪ» እና «ከ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥል ብቻ ነው። ስፓኒሽ ለመጀመሪያው «አስታ ኬ»፣ ለሁለተኛው «ሚየንትራስ» የሚሉ ሁለት የማይመሳሰሉ ቃላት ስላሉት፣ ለኮሎምቢያ ሻጭ ውሉን የሚያስተረጕም ነጋዴ አስተርጓሚው ከሁለቱ የትኛውን እንደ መረጠ ይጠይቀው።