የተበጠሰ ጅማት ለምን ራሱን አይጠግንም?



ባለፈው ዓመት በክፍሎች የእግር ኳስ ውድድር ላይ አንድ ተማሪያችን ጉልበቱ «ቋ» ሲል ሰማ፤ ግን ለማንም አልተናገረም። የፍጻሜው ጨዋታ እንዳያመልጠው ፈርቶ ነበር። ለወላጆቹ የነገራቸው ጉልበቱ አብጦ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ነው። እንዲህ ያለው ዝምታ ለምን እንደሚጎዳ እንመልከት።

በአማርኛ «ጅማት» የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጡንቻን ከአጥንት፣ ሌላው አጥንትን ከአጥንት ያያይዛል። ሁለቱም በአብዛኛው ኮላጅን ከሚባል ጠንካራ የፕሮቲን ክር የተሠሩ ናቸው። የሚደርሳቸው ደም አነስተኛ ስለሆነ ቀስ ብለው ይድናሉ።

በጉልበት ውስጠኛ ጎን ያለው ጅማት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ግን ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አይጠግንም። ለምን? ቁስል ሲድን መጀመሪያ ደም ይረጋል፤ አዲሱ ሥጋ የሚያድገው በረጋው ደም ላይ ነው። ጉልበትን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ግን የረጋውን ደም ያሟሟዋል። ስለዚህ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ከታካሚው ሌላ ጅማት ወስደው በቦታው ሲተክሉ ኖረዋል።

የቲሹ ምህንድስና ሌላ መንገድ ይሞክራል። የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው፦ ህዋሳት፣ ህዋሳቱ የሚያድጉበት ድጋፍ፣ እድገታቸውን የሚመራ ኬሚካዊ ምልክት። ድጋፉ ግንበኞች እንደሚቆሙበት መወጣጫ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይነሳል። በአሜሪካ ቦስተን ዶክተር ማርታ መሬይና ባልደረቦቻቸው ከከብት ኮላጅን ስፖንጅ መሰል ድጋፍ ሠሩ። በታካሚው ደም ተነክሮ በተበጠሰው ጅማት ክፍተት ውስጥ ሲገባ፣ ደሙ እንዳይሟሟ ይይዘዋል። በ8 ሳምንታት ገደማ ድጋፉን ሰውነት ይመጠዋል፤ የራስ ጅማት ይተካዋል። በሰው ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሮ በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ ተፈቀደ።

ሲፈቀድ ግን ቅድመ ሁኔታዎች ነበሩት። ታካሚው ቢያንስ 14 ዓመት የሞላውና የአጥንት እድገቱን የጨረሰ፣ ከጅማቱም በታችኛው አጥንት ላይ የቀረ ክፍል ያለው መሆን ነበረበት። ቀዶ ሕክምናውም ጉዳቱ በደረሰ በ50 ቀናት ውስጥ መደረግ ነበረበት።

ይህ ሕክምና በአቅራቢያችን ባይገኝም ትምህርቱ ለሁላችን ነው። ጉልበታችሁ ድምፅ ካሰማ፣ ካበጠ ወይም ከከዳችሁ ጨዋታውን አቁሙ፤ ለመምህራችሁም ወዲያው ንገሩ። ወላጆችም ያበጠውን ጉልበት ለማሳሸት ወደ ወጌሻ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ይየው። ዋንጫ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል፤ ጉልበት ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።